ከስብርባሪው የተሠራው ኩባያ

ባለፈው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው አንዲት ተማሪ መጣችብኝ። ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳላት አድርጋ ጭቃ የተለቀለቀ በርጩማዬ ላይ አስቀመጠችና፣ «ሸክላ ለመሥራት ምን አነሳሳዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ «አነሳሳዎት» የምባልበት ምክንያት አልገባኝም። ጭቃ የያዘ እጅ ሰውን ያስረጃል መሰለኝ።

ጭቃውን ከጣቴ ስፈገፍግ ልትረዳኝ ፈለገች። ሌሎች የመለሱላትን ነገረችኝ። አንዱ አፈሩ እንደ ሰው ይጠራኛል ብሏታል። አንዷ ደግሞ ጭቃ ስነካ ጭንቀቴ ይለቀኛል ብላታለች። እነሱን ልከሳቸው አልችልም፤ ለጠየቀ ሰው ደስ የሚለውን መመለስ ጨዋነት ነው። እኔን ግን ነገሩ አናደደኝ። ጭቃ መጀመሪያ የነካሁት በዕድሜዬ ከሁሉ በላይ በተጨነቅሁበት ሰሞን ነው፤ ጭንቀቱም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ይህን ለስልክ እንዴት እንደሚነግሩት ስላላወቅሁ «ቆዪ ሻይ ላፍላልሽ» ብዬ ተነሣሁ፤ ምድጃው አጠገብም ብዙ ቆየሁ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤታችን ደብረ ታቦር አልቃ የገብስ ማሳ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ከጓሮ ሲቆሙ የጉና ተራራ ፊት ለፊት ይታያል፤ ክረምት ከገባ ግን ጉናም የለም፣ ሰማይም የለም፣ ጉም ብቻ ነው። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሷ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች፣ እኔ እማራለሁ። ጭቃውን ስታቦካ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጣቴን ሰደድ ካደረግሁ በጭቃማ እጇ መታ ታደርገኝ ነበር።

«ይኸ እጅ እስክሪብቶ ነው የሚይዝ» ትለኛለች። «እንዳትነኪ።»

እኔም አልነካሁም። ውሃ አመላልሳለሁ፣ ኩበት እሸከማለሁ፣ ገበያ አደርሳታለሁ፤ ጭቃውን ግን አልነካም። አድጌ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሥራ ስይዝ እናቴ ሁለቱን እጆቼን ይዛ፣ መዳፌን ገልብጣ አየችና ሳመችው። ንጹሕ ነበር።

ሸክላ ሠሪ በእኛ አገር ምን እንደምትባል የአገሬው ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። ቡዳ ትባላለች። ዓይኗ ሕፃን ይጥላል፣ ወተት ያበላሻል ይባላል። ድስቷን ይገዟታል፣ በእሷ ድስት ወጥ ሠርተው ይበላሉ፣ ከአንድ ዕቃ ግን አብረዋት አይጠጡም። ፊት ለፊት የሚናገር የለም። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ሰዎች ናቸው። ለቅሶ ይደርሱናል፣ እንደርሳቸዋለን፤ ድግስ ሲኖር እንጠራለን። እኔ እትዬ የምላቸው የቅርብ ጎረቤታችን ማኅበር ባወጡ ቁጥር እናቴን ሳይጠሯት አይቀሩም ነበር። ጠላው ሲቀዳ ለሁሉም ብርጭቆ ይዞራል። እናቴ ጋ ሲደርስ ግን ከበሩ ሥር ተደፍታ የምትቀመጥ አንዲት ጣሳ ትነሣለች። የድልህ ጣሳ ነበረች፤ ጫፏ ዝጓል።

እኔ ሕፃን ነበርኩ። ለእናቴ ብቻ ልዩ ዕቃ የሚያስቀምጡላት ስለሚያከብሯት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከማኅበር ስንመለስ እጇን ይዤ እየዘለልኩ፣ «እማዬ፣ ያቺ ጣሳ የአንቺ ብቻ ናት አይደል?» አልኳት። እናቴ እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እርምጃዋን አፈጠነች።

በሚቀጥለው ጊዜ ስታቃጥል ከድስቶቹ መሀል አንዲት ትንሽ ኩባያ ነበረች። ቀላ ያለች፣ ከአፏ ጠበብ ያለች፣ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ። እናቴ ከእሳት ካወጣቻት በኋላ እንደ ማንኛውም ዕቃ በጥፍሯ ኳ አድርጋ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ አዳመጠቻት። ይህ የእሷ ሥርዓት ነው። ደህና ሸክላ ሲያንኳኩት ይጮሃል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድፍን ያለውን ሸጣ አታውቅም። እዚያው ሰብራ፣ ገሉን በወፍጮ ፈጭታ፣ ዱቄቱን ከሚቀጥለው ጭቃ ጋር ታቦካዋለች። ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም፤ አንድ ጊዜ እሳት የቀመሰ ገል ካልተቀላቀለበት ይፈነዳል። ያቺ ኩባያ ግን ጮኸች። እናቴ በመቀነቷ እጥፋት ከተተቻት።

በሚቀጥለው ማኅበር እትዬ ወደ ጣሳዋ ሲያጎነብሱ እናቴ ኩባያዋን አወጣች። «በእኔ የተነሣ ዕቃ አትፈልጉ፤ እኔ ከዚችው ነው የምጠጣ» አለች፣ ፈገግ ብላ። የእትዬ ፊት በደስታ ሲፈታ ዛሬም ይታየኛል። ለሁሉም ተመቸ። ከዚያ ወዲያ እናቴ በሄደችበት ሁሉ ኩባያዋ መቀነቷ ውስጥ ናት። ሰው ቤት ብቻ አይደለም፤ በራሷ ቤት እንኳ ከሌላ ዕቃ ውሃ ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። ኩራት ነበር። እኔ ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ እሷ ግን አንሥታልኝ አታውቅም።

እናቴ የወደቀችው በሐምሌ ነው፣ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ። ጠላ ሲዞር ኩባያዋን አውጥታ እጇን ዘረጋች። የተዘረጋው እጅ ቀስ እያለ ወረደ። ኩባያዋ ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ሰው ሁሉ ዘወር አለ፤ እናቴ ተቆጥታ የጣለችው ነበር የመሰላቸው። ከዚያ ራሷም ወደ ጎን ተንሸራተተች። እኔ ራሷን ደግፌ፣ በአንድ እጄ ስብርባሪውን ከጭቃው ላይ እየለቀምኩ ነጠላዬ ውስጥ አስር ነበር። ለምን እንደለቀምኩት አላውቅም። ከእሷ የወደቀ ነገር ሁሉ መነሣት ያለበት መሰለኝ።

ሆስፒታል ስትሮክ ነው አሉኝ። ቀኝ ጎኗና አንደበቷ ሄዷል። ወደ ባሕር ዳር ብትሄድ ጥሩ ነበር ተባለ፤ በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ ተዘግቶ የሚወጣም የሚገባም መኪና አልነበረም። ጥቂት ቀን አስተኝተው ወደ ቤት ሲሰዱን፣ ነርሷ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ «መዋጥ ትችላለች። ዋናው ፈሳሽ ነው። ቀና አድርገሽ ጥቂት በጥቂት አጠጫት፤ ካልጠጣች ግን…» ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እሷ ያልጨረሰችውን ዓረፍተ ነገር ይዤ ቤት ገባሁ።

እናቴ አልጠጣችም። በፕላስቲክ ኩባያ ሰጠኋት፤ ጥርሷን ገጠመች። በብርጭቆ ሰጠኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በማንኪያ ሞከርኩ፤ በደህናው በግራ እጇ ማንኪያውን ገፍታ አልጋውን አራሰችው። ከንፈሯ ላይ እርጥብ ጥጥ ሳስቀምጥላት ብቻ ዝም ትላለች፤ በዚያ የምትውጠው ጠብታ ነው ያቆያት። ለመንኳት። ተቆጣኋት። «ልትገይኝ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። የማታየኝ መስላ ጣራውን ታይ ነበር። ምድር ጠበበችኝ። ሥራዬን ትቼ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ይዤ አልጋዋን ስዞር እውል ነበር።

እትዬ መጡ። ብዙ ቆመው አዩአት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ የቄስና የእንግዳ የሆነውን ባለ ወርቅ ቀለም ብርጭቆ ይዘው መጡ። ውሃ ቀድተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እንኪ እስቲ፣ በእኔ ሞት» አሏት። እናቴ ብርጭቆውን አየችው። በደንብ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ የሚያስለቅሳቸው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።

ኩባያዋን እንደምትፈልግ አውቄያለሁ፤ እሱን አላጣሁትም። ገበያ ወርጄ ከሌሎች ሸክላ ሠሪዎች የምትመስላትን መርጬ ገዛሁ። አመጣሁላት። እናቴ በግራ እጇ ጥፍር ኳ አደረገቻት፣ አንገቷን በትንሹ አዘመመች፣ ወዲያው ገፋቻት። ብትጮህም የሰው ሥራ ናት።

በማግሥቱ በግራ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ማሸት ጀመረች። ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ ሳብ። ከጉና ሥር ለተወለደ ሰው ይህ እንቅስቃሴ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገብስ መፍጨት ነው። በሶ አማራት ብዬ እየሮጥኩ ገብስ ቆላሁ። ወፍጮ ቤት አልወሰድኩትም፤ የእሷን የድንጋይ ወፍጮ አጥቤ፣ መጁን ይዤ በእጄ ፈጨሁት። ክንዴ እስኪዝል ፈጨሁ። በማር በጥብጬ አቀረብኩላት። እናቴ በሶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከጉሮሮዋ የንዴት ድምፅ ወጣ። እንደገና እጇን ብርድ ልብሱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ። እንደገና ፈጨሁ፤ ያልላመ መስሎኝ የበለጠ አላምኩት። ልጅ እብድ ስትሆን እንደዚህ ነው መሰለኝ።

ደግሞ በሌላ ቀን ጣቷን ወደ መስኮቱ ሥር ጠቆመች። ነጠላዬ ውስጥ ያሰርኩት ስብርባሪ እዚያ ነበር። ይኸውልሽ፣ አልኩ ለራሴ፣ ጠግኚልኝ እያለችኝ ነው። ከሱቅ ኮላ ገዛሁ። ቁርጥራጩን ዘርግቼ፣ ጫፍ ከጫፍ እያገናኘሁ፣ ትንፋሼን ይዤ አጣበቅሁ። አንዲት ፍንካች ጎደለችኝ፤ ድንኳኑ ውስጥ ጭቃው ውጧት ይሆናል። ኩባያዋ ግን ቆመች። ውሃ ቀዳሁባትና ወደ እናቴ ይዣት ሄድኩ። ገና ከመድረሴ ውሃው በየስፌቱ ወጥቶ ክንዴን፣ ቀሚሴን፣ ትራሷን አራሰው። እናቴ የኮላውን ሽታ አሽትታ ፊቷን አጨማደደች። የማታውቀኝን ሰው እንደምታይ አየችኝ። ከወደቀች ጀምሮ ሆድ የባሰኝ ያን ጊዜ ነው።

አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩና ያለ ኀፍረት አለቀስኩ። ሳለቅስ እናቴ እጇን ዘረጋች። በግራ ጣቷ ወደ ኩባያዋ ጠቆመች። ከዚያ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈችና ወደፊትና ወደኋላ አሸች። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ያሳየችኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወይም እኔ አንድ ላይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሰበረ ሸክላ በዚያ ወፍጮ ስትፈጭ አጠገቧ ያደግሁ ሰው፣ ገብስ ነው ብዬ ሁለት ቀን ገብስ ፈጨሁላት።

ኩባያዋን በኩበት ረመጥ ውስጥ ከተትኩ፣ ኮላው ተቃጥሎ እስኪያልቅ። ከዚያ ሰበርኳት። መስበር ከበደኝ፤ የመጀመሪያው ምት ላይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ፈጨኋት። ቀይ ዱቄቱን በትሪ አድርጌ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ መሀል አሸችው፣ ምላሷ ላይ ነካ አደረገችው፣ ትሪውን ወደ እኔ መለሰች። ገና ይላም ማለቷ ነው። እንደገና ፈጨሁ። በሁለተኛው ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ጭቃው ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ነበር፤ ከመውደቋ በፊት ራሷ የዘፈዘፈችው ነው። አንድ ድብልብል አውጥቼ ትሪው ላይ አደረግሁና ቆምኩ። መንካት አልቻልኩም። ሊስቅብኝ የሚፈልግ ይሳቅ። እናቴ እየሞተች፣ ጊዜው እያለቀ፣ እኔ እጄን ከጭቃው በላይ አንጠልጥዬ «እንዳትነኪ» የሚለውን ድምፅ እሰማ ነበር። እናቴ ገብቷታል። በግራ እጇ የእጄን አንጓ ይዛ ጭቃው ውስጥ ከተተችው፤ ከላይም ተጭና ያዘችው። ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔን ለማስተማር ስንት ገበያ የወጣች ሴት ያቺን ንጹሕ መዳፍ በገዛ እጇ ጭቃ ውስጥ ስትከት ምን እንደተሰማት አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃትም አትመልስልኝም ነበር።

ከዚያ አስተማረችኝ። በአንድ እጅ፣ ያለ ቃል። ዱቄቱን ምን ያህል፣ አውራ ጣት የት፣ ግድግዳው ምን ያህል ይሳሳ። የሠራሁት ሁሉ አፉ ይንጋደዳል፣ ወገቡ ይሟሽሻል። እሷ አንድ በአንድ በቡጢዋ ትደፈጥጣቸዋለች። ደስ አለኝ ማለት ነውር ይመስላል፤ ግን ያን ቀን እናቴ ተቆጣች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ጊዜም በአፍንጫዋ ሳቀች። ወደ ማታ ገደማ አንዲት ኩባያ ሳትደፈጠጥ ቀረች። ጠማማ ነበረች። ግን አልነካቻትም።

መድረቅ ነበረባት። ክረምት ነው፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ የተሰጣ ልብስ እንኳ ሳምንት አይደርቅም። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት፣ በየጊዜው አዞራታለሁ። ለእናቴ ሳሳያት ጉንጯ ላይ አስደግፋ ትቆያለች። ውስጡ ያልደረቀ ሸክላ ጉንጭን ያቀዘቅዛል። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። በማግሥቱም ነቀነቀች። በዚህ መሀል ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ደም ያወጣ ነበር፣ ምላሷ ደርቋል፣ ቀን ሙሉ የምታንቀላፋበት ጊዜ ረዘመ። እኔ በአንድ ዓይኔ ኩባያዋን በአንድ ዓይኔ እናቴን እያየሁ፣ ማን ቀድማ እንደምትደርቅ የምጠብቅ ሆንኩ። ይህን ሳስብ ጮክ ብዬ ተነፈስኩና ከዚያ ወዲያ ለእናቴ ጉንጭ አልሰጠኋትም። አቃጠልኳት። ስህተት ነበር የሚለኝ ካለ፣ እኔ ቦታ ቆሞ ይጠብቅ።

ሸክላ ሲቃጠል ሰው አያይም። ይህም የእናቴ ሥርዓት ነው፤ ጓሮ፣ ከአጥሩ በስተጀርባ፣ ከመንገድ ተሰውራ ታቃጥላለች። የሰው ዓይን ያረፈበት ሸክላ እሳት ውስጥ ይሰነጠቃል ትላለች። ሰው የእሷን ዓይን ይፈራል፣ እሷ የሰውን። ያን ቀን ካፊያ ነበር። ኩበቱ ረጥቦ አልያዝ አለኝ፤ ጭድ ብጨምር ጭሱ ብቻ። እሳቱ ያዝ ባደረገ ቁጥር ካፊያው ያበርደዋል። እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ አይተውኝ መጡ።

«ብቻሽን ነሽ እንዴ፣ ልጀ?» አሉ።

«አይምጡ፣ እትዬ» አልኳቸው። «እየተቃጠለ ነው። አይታይም።»

ያውቁታል። ቆም አሉ። ከዚያ ላስቲኩን ከጭቃው ጉድጓድ ላይ አነሡና፣ ጀርባቸውን ለእሳቱ ሰጥተው፣ እጃቸውን ወደኋላ ዘርግተው ላስቲኩን ከእሳቱ በላይ ያዙት። «አላይም» አሉኝ። «ዐይኔ አያርፍበትም፣ አንች ብቻ አቃጥይ።» እሳቱ እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያ ቆሙ። ጭሱ ያስላቸዋል፣ ዞር ግን አላሉም። ካፊያው ፊታቸው ላይ ይወርድ ነበር።

ኩባያዋ ሳትፈነዳ ወጣች። ጥቁርና ቀይ ሆና፣ ጠማማ፣ ግን ሙሉ። እስክትበርድ ድረስ መጠበቅ አቅቶኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴን ቀና አደረግኋት። እትዬ በሩ ላይ ቆሙ። ኩባያዋን በግራ እጇ ሰጠኋት፤ ከብዷት ጭኗ ላይ አሳረፈቻት። ከዚያ ጥፍሯን አንሥታ ኳ አደረገች።

ድፍን አለ።

እኔም ሰማሁት። እትዬ እንኳ የሰሙት ይመስለኛል። እናቴ አንገቷን ዘመም አድርጋ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ኩባያዋን ወደ ውሃው አስጠጋች። ቀዳሁባት። ውሃው ከታች በኩል ቀስ እያለ በጣቶቿ መሀል መንጠባጠብ ጀመረ። እሷ ፈጠን አድርጋ ወደ አፏ ወሰደችና ሳይፈስ የቀረውን ጠጣች። እንደገና ዘረጋችልኝ፤ ቀዳሁ፤ ጠጣች። ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ አያለሁ።

እትዬ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ በሩ ላይ ተንበረከኩ። እኔም ተመስገን ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተስፋዬ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው። እናቴ የተሰነጠቀ ዕቃ አሳልፋ አታውቅም። ከሰው ብርጭቆ እምቢ ያለችው፣ ከገበያው ኩባያ እምቢ ያለችው፣ ያቺው ሴት ከእኔ ስንጡቅ ኩባያ ያለ ቅሬታ ጠጣች። ለራሷ ቢሆን ኖሮ ወርውራ ትሰብራት ነበር። ለእኔ ብላ ነው የጠጣችው። ሰው ለራሱ መጠማቱን ሲተው ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ፤ ውሃውን እየቀዳሁላት ገባኝ።

ሲበቃት ኩባያዋን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈችባት። ከዚያ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አሳርፋ ወደፊትና ወደኋላ አሸች። የዚያን ቀን ገብስ አልቆላሁም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየችም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ወፍጮው ላይ ተቀምጬ ኩባያዋን ፈጨሁ፤ እስኪልም ፈጨሁ፤ ምላሴ ላይ ነካ አድርጌ ደገምኩ። በዱቄቱ የሠራኋትን ሁለተኛ ኩባያ አድርቄ አቃጠልኳት፤ እሷም ድፍን አለች፤ ፈጨኋት። ሦስተኛዋም እንዲሁ። መዝገብ ቤቱን የለቀቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰዎች አበደች አሉ፣ ደግሞም ወደ ዘሯ ተመለሰች አሉ። አሁን ዕቃዬ ይጮሃል። በጥፍሬ ኳ አድርጌ፣ አንገቴን አዘምሜ ሳዳምጥ ደህና ይጮሃል። አዳምጬ ስጨርስ ግን ዞር ብዬ የማሳየው ሰው እፈልጋለሁ። በየጊዜው እፈልጋለሁ፣ እስከ ዛሬ አልተውኩም፣ በየጊዜውም አልጋው ባዶ ነው።

ሻዩ ሳይፈላ ተማሪዋ ወደ ምድጃው መጣች። «ሻዩ ይቅርብኝ፣ እኔ ውሃ ይበቃኛል» አለችኝ። የዚህ አገር ልጅ አይደለችም፤ አነጋገሯ ያስታውቃል። ከመደርደሪያዬ ላይ አንዲት ኩባያ፣ እኔ ራሴ የምጠጣባትን፣ ሳትጠይቀኝ አነሣች። ከጀሪካኑ ቀድታ ጠጣች። ደግማ ቀዳች። አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ኩባያዋን ወደ ቦታዋ መለሰችና፣ ስልኳን ወደ እኔ አስጠግታ ጥያቄዋን ደገመችልኝ።

«እናቴን ውሃ ጠምቷት ነበር» አልኳት።

ልጅቷ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀች። እኔ ያቺኑ ኩባያ አንሥቼ ከጀሪካኑ ቀድቼ ጠጣሁ።